ዴልፊ ለአንድ ቀን ጉብኝት አይሆንም፦ የጉዞው፣ የሥፍራውና የሙዚየሙ ግምገማ

ከአቴንስ በስተ ሰሜን ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በፓርናሶስ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ የሚገኘውና በጥንት ዘመን አፖሎ የተባለው የግሪኮች አምላክ ቤተ መቅደስና የትንቢት ቤት የነበረበት ዴልፊ፣ ከግሪክ ጥንታዊ ሥፍራዎች መካከል ከአክሮፖሊስ ቀጥሎ ስሙ አዘውትሮ የሚነሣ ነው። ዩኔስኮ በ1987 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከውጭ አገር የሚመጣው ጎብኚ ግን በብዛት የሚያየው ጠዋት ከአቴንስ ተነሥቶ በዚያው ዕለት ማታ በሚመለስ የቡድን ጉብኝት ነው። ይህ ግምገማ ሥፍራውን፣ ሙዚየሙንና ወደዚያ የሚያደርሰውን ጉዞ አንድ ላይ ይመዝናል። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ዴልፊ የሚወጣበትን ገንዘብና ድካም ሁሉ የሚክስ ቦታ ነው፤ የአንድ ቀኑ ጉብኝት ግን ደንበኛውን ሥፍራው በሚጨናነቅበት ሰዓት አድርሶ፣ መረጋጋት በሚጀምርበት ሰዓት ይዞት የሚሄድ አገልግሎት ስለሆነ፣ ሌላ ምርጫ ላለው ሰው አልመክረውም።

ምክንያቱን ለመረዳት የቀኑን ውሎ መከፋፈል ይበቃል። ከአቴንስ እስከ ዴልፊ ያለው መንገድ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በመካከል ለቡናና ለመጸዳጃ መቆም አለ፤ ስለዚህ ጠዋት በማለዳ የተነሣ ቡድን እንኳ የሚደርሰው ረፋዱ ካለፈ በኋላ ነው። ሌሎቹም አውቶቡሶች ከዚያው ከተማ በዚያው ሰዓት የተነሡ በመሆናቸው የሚደርሱት አንድ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለፍርስራሹ፣ ለሙዚየሙና ለምሳ ይከፈላል፤ ሲከፈል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ሙዚየሙ ነው። አስጎብኚው ሦስት ወይም አራት ሐውልቶች ፊት ቆም ብሎ ያስረዳና ቡድኑን ወደ በሩ ይመራል። የስታዲየሙ ዳገት ለሚፈልግ ብቻ ተብሎ ይተዋል፤ ከመንገዱ በታች ያለው፣ አቴና የተባለችው የጥንት አምላክ መቅደስም ከአውቶቡሱ መስኮት ታይቶ ይታለፋል። እንዲህ ያለውን ጉብኝት የሚሸጡት ድርጅቶች ያልሰጡትን ሰጠን አይሉም፤ የቀኑ መርሐ ግብር በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። ችግሩ ያለው፣ አንድ ቀን ውስጥ ስድስት ሰዓት መኪና ላይ አሳልፎ ዴልፊን በቀረው ሰዓት ማየት ይቻላል ከሚለው ሐሳብ ላይ ነው።

የተሻለው መንገድ የሕዝብ አውቶቡስ ይዞ መሄድና አንድ ሌሊት ማደር ነው። የፎኪዳ አውራጃ ኬቴል የተባለው የአውቶቡስ አገልግሎት አቴንስ ውስጥ ሊዮሲዮን ከሚባለው አውቶቡስ ተራ ይነሣል፤ አውቶቡስ ተራው ከመሀል ከተማ ራቅ ያለና የሜትሮ ጣቢያ ከደጁ የሌለው በመሆኑ በታክሲ መሄድ ይቀላል። በቀን የሚነሡት አውቶቡሶች ጥቂት ናቸው፤ የመመለሻውን ሰዓት አስቀድሞ አረጋግጦ ትኬቱን አብሮ መግዛት፣ በተለይ በእሑድና በበዓል ማግሥት፣ ከብዙ ጣጣ ያድናል። አውቶቡሱ በሊቫዲያ በኩል አልፎ ወደ ተራራው ይወጣና አራሆቫ የተባለችውን የድንጋይ ቤቶች ከተማ ሰንጥቆ ያልፋል። ከአራሆቫ እስከ ዴልፊ ያለው የመጨረሻው አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ በገደል ጫፍ የሚሄድ ነው፤ ሲሄዱ በግራ በኩል የተቀመጠ ሰው የፕሌይስቶስን ሸለቆ እስከ ታች ድረስ ያያል። ከፍታ የሚያስፈራው ሰው በቀኝ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

መኪና መከራየት የሚችል ቤተሰብ የበለጠ ነፃነት ያገኛል። ከነፃነቱም ትልቁ ጥቅም፣ በመመለሻው ላይ በሕዝብ ማመላለሻ ለመድረስ አስቸጋሪ የሆነውን የኦሲዮስ ሉካስን ገዳም ማየት መቻሉ ነው። ስለ እርሱ ወደ መጨረሻው እመለሳለሁ።

ቀን ሲመረጥ አንድ ነገር ለእኛ አንባቢዎች በተለይ ይጠቅማል። የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፋሲካ ከእኛ ፋሲካ ጋር በአንድ እሑድ ይውላል፤ ስለዚህ በአውሮፓም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠራ ወገን የፋሲካ ፈቃዱን ተጠቅሞ ወደ ግሪክ ሲሄድ፣ የስቅለት ዕለት ጥንታዊ ሥፍራዎቹ የሚከፈቱት ከቀትር በኋላ እንደሆነ፣ የትንሣኤ እሑድ ደግሞ ፈጽሞ እንደሚዘጉ ማወቅ አለበት። በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1፣ ማርች 25፣ ሜይ 1፣ ዲሴምበር 25 እና 26 ቀንም ዝግ ናቸው። የእኛ ገና የሚውልበት ጃንዋሪ 7 ለእነርሱ ተራ የሥራ ቀን ነው። ነገር ግን በብርዱ ወራት ሥፍራው የሚዘጋው ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል፣ በአውሮፓ አነጋገር 15፡30 በመሆኑ፣ ጠዋት አርፍዶ የሚነሣ ሰው ይቸገራል። በሙቀቱ ወራት ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ማለትም በእነርሱ 8፡00 ተከፍቶ እስከ ምሽት ይቆያል። እኔ የምመርጠው ኤፕሪል መጨረሻን፣ ሜይን ወይም ኦክቶበርን ነው፤ በጁላይና በኦገስት እኩለ ቀን ላይ ያ ዳገት ለአረጋውያንና ለሕፃናት ከባድ ነው፤ ጥላም በጣም ጥቂት ነው።

የመግቢያ ትኬቱ ለሥፍራውም ለሙዚየሙም በአንድነት ያገለግላል። ዋጋው በቅርብ ዓመታት ከፍ ብሏል፤ በአሮጌ የጉዞ መጽሐፍ ላይ በተጻፈው ዋጋ በጀት ማውጣት ስለማያዋጣ፣ የግሪክ መንግሥት የቅርስ ትኬት በሚሸጥበት ድረ ገጽ ላይ የዕለቱን ዋጋ አይቶ እዚያው መግዛት ይሻላል። ከኖቬምበር እስከ ማርች በየወሩ የመጀመሪያውና ሦስተኛው እሑድ መግቢያው ነፃ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜግነት ያላቸውና 25 ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶችም ፓስፖርት ወይም መታወቂያ አሳይተው በነፃ ይገባሉ። በአውሮፓ ተወልደው ያደጉ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ይህን ሳያውቁ ሙሉ ዋጋ እንዳይከፍሉ የልጆቹን መታወቂያ ሆቴል ትተው መውጣት የለባቸውም።

የዛሬዋ ዴልፊ ከተማ ትንሽ ናት፤ ጎን ለጎን በተዘረጉ ጥቂት መንገዶች ላይ ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫዎች ተደርድረዋል። ከተማዋ አሁን ባለችበት የተቆረቆረችበት ምክንያት ራሱ የታሪኩ አካል ነው። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ካስትሪ የሚባል መንደር በፍርስራሹ ላይ ተሠርቶ ይኖር ነበር፤ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች በ1892 እ.ኤ.አ. ታላቁን ቁፋሮ ሲጀምሩ መንደሩ እንዳለ ተነሥቶ ነዋሪዎቹ ወደ አዲሱ ቦታ ተዛወሩ። ዛሬ ጎብኚው በባዶ ኮረብታ ላይ የቆመ ቤተ መቅደስ የሚያይ ይመስለዋል፤ ኮረብታው ግን ባዶ የተደረገው ከ130 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የሆቴሎቹ ዋና ሀብት ወደ ደቡብ የሚያሳዩት ትዕይንት ነው፦ ከታች የአምፊሳ የወይራ ደን ተንጣሎ እስከ ኢቴያ ወደብና እስከ ባሕሩ ይደርሳል። ክፍል ሲያዝ ሸለቆውን የሚያይ መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የዋጋው ልዩነት ትልቅ ካልሆነ ማመንታት አይገባም። በብርዱ ወራት በሳምንት መጨረሻ የአቴንስ ሰዎች ለበረዶ ሸርተቴ ወደ አራሆቫ ስለሚጎርፉ፣ በዚያ ጊዜ በዴልፊ ማደር ከአራሆቫ ይልቅ ለኪስ ይቀላል። ምግቡ የቱሪስት ከተማ ምግብ ነው፤ ክፉ አይደለም፣ የሚያስደንቅም አይደለም። ጿሚ የሆነ ሰው ኒስቲሲማ ብሎ ቢጠይቅ አስተናጋጆቹ ወዲያው ይረዱታል፤ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ በወይራ ዘይት የተሠራው አትክልት ይቀርብለታል። ብቻ ግሪኮች በጾም ኦክቶፐስና ሽሪምፕ ስለሚበሉ፣ ሲያዙ የማይፈልጉትን ለይቶ መናገር ነው።

ሌሊቱን ያደረ ሰው ጠዋት በእግሩ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ከበሩ ይደርሳል፤ በሩ ሲከፈት ገብቶም አውቶቡሶቹ እስኪመጡ ድረስ ሰፊ ጊዜ ያገኛል። የማደሩ ጥቅም ዋናው ይህ ነው።

ወደ ውስጥ ከመዝለቅ በፊት፣ ጥንትም ቢሆን ዴልፊን ለመጎብኘት ዕቅድ ያስፈልግ እንደነበር ማስታወስ ነገሩን ሕያው ያደርገዋል። የአፖሎን ትንቢት የምትናገረው ፒቲያ የምትባለው ሴት ቃል የምትሰጠው በወር አንድ ቀን፣ ያውም በዓመት ዘጠኝ ወር ብቻ ነበር፤ በቀሩት ሦስት የብርድ ወራት አፖሎ ወደ ሩቅ ሰሜን ይሄዳል ተብሎ ስለሚታመን የትንቢቱ ቤት አይጠየቅበትም ነበር። ቀኑን ጠብቆ የመጣ ሰው መጀመሪያ ክፍያ ይከፍላል፣ ከዚያም ፍየል ይቀርባል፤ ፍየሉ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት ካልተንቀጠቀጠ ቀኑ አልተፈቀደም ማለት ነበር። በዴልፊ ካህን ሆኖ ያገለገለው ፕሉታርክ ስለዚህ ሥርዓት ጽፎ አቆይቶልናል። ወረፋም ነበር፤ ከወረፋውም የሚያስቀድም መብት ነበር። ከቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት ጠቆር ካለ እብነ በረድ የተሠራውና በከፊል ዳግም የተገነባው ትልቅ መሠዊያ የኪዮስ ደሴት ሰዎች ያሠሩት ሲሆን፣ ዴልፊዎች ለኪዮሶች ከሌሎች አስቀድመው የመጠየቅን መብት እንደ ሰጧቸው የሚገልጸው ጽሑፍ እዚያው ላይ ተቀርጿል። በትኬት መስኮት ፊት ተራ ለሚጠብቅ የዘመናችን እንግዳ ይህ ጽሑፍ ፈገግ የሚያሰኝ ነው።

ከመግቢያው የሚጀምረው ቅዱሱ ጎዳና እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል። በግራና በቀኝ የሚታዩት መሠረቶችና መደቦች መጀመሪያ ላይ የድንጋይ ክምር ብቻ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ግን የአንድ ከተማ ኩራት የቆመበት ቦታ ነው። የግሪክ ከተሞች በጦርነት ሲያሸንፉ ከምርኮው አሥራት አውጥተው ለአፖሎ ሐውልት ያቆሙ ነበር፤ ያሸነፉት ብዙ ጊዜ ሌሎቹን ግሪኮች ስለነበር፣ ጎዳናው የእርስ በርስ ፉክክር ማሳያ ሆኖ ነበር። ከተሞች ለአፖሎ የሰጡት ስጦታ ይቀመጥባቸው ከነበሩት ትንንሽ ግምጃ ቤቶች ሙሉ ሆኖ የሚታየው የአቴናውያን ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በ1903 እና በ1906 እ.ኤ.አ. መካከል ከወደቁት ድንጋዮች በአቴንስ ከተማ ወጪ እንደገና የቆመ ነው። ከእርሱ ከፍ ብሎ የሚገኘው ባለ ብዙ ማዕዘን ድንጋዮች የተገጣጠሙበት የድጋፍ ግንብ በእኔ ግምት ከቤተ መቅደሱ ያላነሰ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው። ድንጋዮቹ ጎባጣ ጠርዝ እየተሰጣቸው ያለ ማያያዣ ጭቃ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል፤ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው ደግሞ ፊታቸው በደቃቅ ፊደል የተሞላ መሆኑን ያያል። አብዛኞቹ ጽሑፎች ባሪያዎች ነፃ የወጡባቸው ውሎች ናቸው፤ በዴልፊ በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ የዚህ ዓይነት ውሎች ተገኝተዋል። ባሪያው ለአፖሎ እንደ ተሸጠ ተደርጎ ውሉ ይጻፋል፤ አምላኩ ገዢ በመሆኑ ሌላ ሰው ሊጠይቀው አይችልም። ስማቸው በታሪክ መጽሐፍ የማይገኝ ሰዎች ስም በዚህ ግንብ ላይ ቀርቷል፤ የቡድን ጉብኝቶች ግን ብዙ ጊዜ ሳይቆሙበት ያልፋሉ።

የፕላቴያ ድል መታሰቢያ የነበረው የእባቦች ዓምድ መደብ ከመሠዊያው አጠገብ ነው። በ479 ዓመተ ዓለም፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ፋርሶችን ያሸነፉት 31 የግሪክ ከተሞች ስማቸውን በሦስት የተጠማዘዙ የነሐስ እባቦች ላይ አስቀርጸው ያቆሙት ነው። ዋናውን ዓምድ ቆስጠንጢኖስ ወደ አዲሷ መዲናው ስለወሰደው ዛሬ በኢስታንቡል በጥንቱ የፈረስ መሮጫ አደባባይ ላይ፣ የእባቦቹ ራሶች ተቆርጠው ይገኛል። በኢስታንቡል በኩል የሚተላለፍና ከአውሮፕላን አውሮፕላን ረጅም ጊዜ የሚጠብቅ መንገደኛ ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ጉዞ ሊያያቸው ይችላል።

የአፖሎ ቤተ መቅደስ አሁን የሚታየው ቅሪት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዓመተ ዓለም የተሠራው ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው አንዱ በ548 ዓመተ ዓለም በእሳት ጠፋ፤ ተተክቶ የተሠራው ደግሞ በ373 ዓመተ ዓለም በመሬት መንቀጥቀጥ ወደቀ። ስድስት ዓምዶች በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወደቁበት ተሰብስበው በተለያየ ቁመት ቆመዋል። «ራስህን ዕወቅ» እና «ከልክ አትለፍ» የሚሉት ቃላት በዚህ ቤተ መቅደስ መግቢያ ላይ ተጽፈው እንደነበር የጥንት ጸሐፊዎች ይናገራሉ፤ ዛሬ ግን በቦታው አይገኙም፤ ፈልጎ የሚያጣ ጎብኚ እንዳይገረም። ፒቲያ የምትቀመጥበት የውስጠኛው ክፍልም ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ትንቢቱ ከምድር ከሚወጣ እንፋሎት የተነሣ ነው የሚለው የጥንት ወሬ ለረጅም ጊዜ በምሁራን ዘንድ ተቀባይነት አጥቶ ቆይቶ፣ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የጂኦሎጂ ባለሙያዎች በቤተ መቅደሱ ሥር የሚገናኙ የመሬት ስንጥቆች እንዳሉ ካመለከቱ በኋላ እንደገና መከራከሪያ ሆኗል፤ ክርክሩ አልተዘጋም፤ አስጎብኚው እንደ ተረጋገጠ ነገር ቢናገረው ጥቂት መጠራጠር አይከፋም።

ከቤተ መቅደሱ በላይ ያለው ቲያትር 5 ሺህ ያህል ሰው ይይዝ ነበር። ከላይኛው ረድፍ ሆኖ ወደ ታች ማየት፣ ቤተ መቅደሱን፣ ግምጃ ቤቱንና ሸለቆውን በአንድ እይታ ያስገኛል፤ ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ይካሄድ የነበረው የፒቲያ ውድድር የጀመረው በሙዚቃ ነው፤ የስፖርቱ ውድድር በኋላ ተጨምሮ ስታዲየሙ ከተራራው ራስጌ ተሠራለት። ስታዲየሙ 178 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን በድንጋይ ናዳ ሥጋት የተነሣ ብዙ ጊዜ ከአጥር ውጭ ሆኖ ብቻ ይታያል። ዳገቱን መውጣት ለከበደው ሰው፣ ከቲያትሩ ላይ ቢመለስ ብዙ እንዳመለጠው አልቆጥርም።

የሥፍራው ዋና ድክመት የመግለጫ ሰሌዳዎቹ ናቸው። በግሪክኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ ሲሆን፣ ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ፣ ምን ያህል ይረዝማል ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ፤ ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ መደብ እንዴት መመልከት እንዳለበት ግን ጎብኚውን ብዙ አይረዱትም። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ሲሄድ፣ ከመካከላቸው አንዱ አስቀድሞ አንብቦ ለአባትና ለእናት በአማርኛ የሚያስረዳ ቢሆን፣ ወይም ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ለሁለት ሰዓት ቢቀጠር ይሻላል። በግሪክ አስጎብኚነት የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ ፈቃዱን ማየት ነውር አይደለም።

ሙዚየሙ ከዚህ በተቃራኒ በአቀራረቡ የሚደነቅ ነው። በ1903 እ.ኤ.አ. የተመሠረተና ከዚያ ወዲህ የታደሰ ሲሆን፣ ክፍሎቹ ሰፊ፣ ብርሃናቸው የተመጠነ፣ ቅደም ተከተላቸውም ግልጽ ነው። እኔ የምመክረው ሥፍራውን ጠዋት ጨርሶ፣ ቡድኖቹ ዳገቱን ሲጀምሩ ወደ ሙዚየሙ መግባት ነው፤ ፀሐይዋም ስትበረታ ሰውየው በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይሆናል።

ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ በተለይ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሜ የማመለክተው የሲፍኖሳውያንን ግምጃ ቤት ቅርጻ ቅርጾች ነው። ሲፍኖስ በወርቅና በብር ማዕድን የበለጸገች ትንሽ ደሴት ነበረች፤ በ525 ዓመተ ዓለም ገደማ ያሠራችው ግምጃ ቤት ዙሪያውን በእብነ በረድ ቅርጽ የተዋበ ነበር። በምሥራቁ በኩል የነበረው ክፍል አማልክት ተቀምጠው ሲከራከሩ፣ በስተ ቀኝ ደግሞ በትሮይ ጦርነት የግሪኮች ጀግና የሆነው አኪሌስ በወደቀው በአንቲሎኮስ አስከሬን ላይ ከሜምኖን ጋር ሲዋጋ ያሳያል። ሜምኖን በግሪኮች ትረካ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ነው፤ ትሮይን ለመርዳት መጥቶ በአኪሌስ እጅ የወደቀ ጀግና ነው። ጥንት በዚሁ በዴልፊ የክኒዶስ ሰዎች አዳራሽ በሚባለው ቤት ውስጥ ፖሊግኖቶስ የሣለው ትልቅ ሥዕል ነበር፤ ሥዕሉ ጠፍቷል፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያየው የጉዞ ጸሐፊው ጳውሳንያስ ግን ሜምኖን በሥዕሉ ውስጥ እንደነበረና ከአጠገቡ ኢትዮጵያዊ ልጅ እንደ ተሣለ መዝግቧል። እርግጥ ነው፣ የግሪኮች ኢትዮጵያ በአብዛኛው ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የሜሮዌን ምድር የሚያመለክት ሲሆን፣ የሜምኖንም አገር በትረካው ውስጥ አንዳንዴ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፤ ይህን ቅርጽ የዛሬዋ አገራችን ታሪክ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ይሆናል። ቢሆንም ስሙ ከዚህ ግድግዳ ላይ በክብር ቦታ መገኘቱ፣ አማልክቱም ሳይቀሩ ከሁለቱ ጀግኖች ስለ አንዱ ሲሟገቱ መታየታቸው፣ ቆም ብሎ ማየትን የሚጠይቅ ነው። አብዛኛው አስጎብኚ የሚያቆመው በሰሜኑ በኩል ባለው የአማልክትና የግዙፋን ጦርነት ላይ ነውና፣ ምሥራቁን ራስዎ ይፈልጉት።

በሙዚየሙ መጨረሻ ላይ ለብቻው የቆመው የነሐስ ሠረገላ ነጂ በ1896 እ.ኤ.አ. የተገኘ ነው። ቁመቱ 1.80 ሜትር ነው። በሲሲሊ የጌላ ገዢ የነበረው ፖሊዛሎስ በ470ዎቹ ዓመተ ዓለም ስለ ሠረገላ ውድድር ድል ያቆመው ትልቅ ሐውልት አካል ነበር፤ ፈረሶቹና ሠረገላው ተሰባብረው ቁርጥራጫቸው ብቻ ቀርቷል። ከግሪክ የነሐስ ሐውልቶች አብዛኞቹ ቀልጠው ለሌላ ሥራ ሲውሉ ይህ የተረፈው በ373ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ከአፈር በታች ስለ ተቀበረ ነው። ዓይኖቹ በቀለም ድንጋይና በብርጭቆ ተሞልተዋል፤ የዓይን ሽፋሽፍቶቹ እንኳ አልጠፉም። ከፊት ለፊት ሲያዩት ቀሚሱ ከወገብ በታች ከልክ በላይ የረዘመ ይመስላል፤ ሐውልቱ በሠረገላ ውስጥ ቆሞ፣ የታችኛው አካሉ በከፊል ተሸፍኖ እንዲታይ የተሠራ መሆኑን ሲያስቡ ግን ነገሩ ይገባል። የማይታዩት እግሮቹ ሳይቀሩ ጅማትና ጥፍራቸው ተለይቶ ተሠርቷል። ዙሪያውን መዞር ስለሚቻል ከጀርባውም ይመልከቱት።

በሌላው ክፍል የአቴናውያን ግምጃ ቤት ግድግዳ ላይ የነበሩ ሁለት የአፖሎ መዝሙሮች በድንጋይ ተቀርጸው ይገኛሉ። በ128 ዓመተ ዓለም የተዘመሩ እንደሆነ የሚታመን ሲሆን፣ ልዩ የሚያደርጋቸው ከግጥሙ ፊደላት በላይ የዜማው ምልክት ተጽፎ መገኘቱ ነው። ድጓ ወይም ዝማሬ ገልጦ ከግእዙ ፊደል በላይ የተደረደረውን ምልክት ያየ የቤተ ክርስቲያን ልጅ፣ ይህን ድንጋይ ሲያይ የሥራውን ዓላማ ለመረዳት ሰሌዳውን ማንበብ አያስፈልገውም። ሁለቱ አሠራሮች በዘመንም በሥርዓትም አይገናኙም፤ ዜማ በአየር ላይ እንዳይጠፋ በጽሑፍ የማሰር ፍላጎት ግን አንድ ነው። ድንጋዩ ግን ዓይን የሚስብ ስላልሆነ ሰው በብዛት አልፎት ይሄዳል።

ክሌኦቢስና ቢቶን ተብለው የሚጠሩት ሁለቱ የአርጎስ ወጣቶች፣ የናክሶስ ሰዎች በረጅም ዓምድ ላይ ያቆሙት ስፊንክስ፣ በቅዱሱ ጎዳና ሥር ተቀብረው በ1939 እ.ኤ.አ. የተገኙት የብር በሬና የወርቅና የዝሆን ጥርስ ሐውልቶች ቅሪት፣ በሮም ዘመን የተሠራው የአንቲኖኦስ ሐውልት፣ እያንዳንዳቸው ጊዜ ይፈልጋሉ። ለሙዚየሙ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች መመደብ አያስኬድም።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበርድ ወደ አራሆቫ አቅጣጫ በመንገዱ ጠርዝ በእግር ተጉዞ የአቴናን መቅደስ ማየት ይገባል። በፖስታ ካርድ ላይ የሚታየው ክብ ሕንፃ የሚገኘው እዚህ ነው፤ በ380 ዓመተ ዓለም ገደማ ተሠርቶ ከነበሩት 20 የውጭ ዓምዶች ሦስቱ ዳግም ቆመዋል። ለምን እንደ ተሠራ እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። በመንገዱ ላይ የካስታልያ ምንጭ አለ፤ ጥንታዊው መታጠቢያ በናዳ ሥጋት ተዘግቶ የሚገኝ ቢሆንም ከመንገዱ ዳር ውኃ ይወርዳል። መንገዱ መኪና የሚበዛበት ስለሆነ ከሕፃናት ጋር የሚሄድ ሰው እጃቸውን መልቀቅ የለበትም።

በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ያለበት ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት፦ ሙዚየሙ ለመንቀሳቀስ ይመቻል፤ ፍርስራሹ ግን ዳገት፣ ደረጃና ያልተስተካከለ ድንጋይ ስለሆነ አይመችም። ለሁሉም ሰው ቢሆን ሶሉ የሚንሸራተት ጫማ አይሆንም፤ እብነ በረዱ በብዙ ሚሊዮን እግር ተላጭቶ ለስልሷል። ውኃ ይዞ መግባት ያስፈልጋል።

ማደር ለማይችል ሰው፣ ለምሳሌ በአቴንስ የመተላለፊያ ቆይታው አጭር ለሆነ፣ የቡድን ጉብኝቱን ከነጉድለቱ መውሰድ ጨርሶ ከመቅረት ይሻላል። በዚያ ጊዜ የሚመረጠው አራሆቫ ላይ ለግዢ የማያቆም፣ ምሳውንም ከጉብኝቱ በኋላ የሚያደርግ ነው፤ መርሐ ግብሩ ላይ ሙዚየሙ በስም መጠቀሱንና የመግቢያ ዋጋው በክፍያው ውስጥ መካተቱን ጠይቆ ማረጋገጥ ደግሞ ግድ ነው፤ አንዳንዶቹ የማያካትቱ አሉና። ለሼንገን ቪዛ የሚያመለክት ወገን የዴልፊውን ሆቴል ማስያዣ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ያቅርብ፤ የጉዞው ቀናት ሁሉ በማደሪያ መሸፈናቸው ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ነው።

መኪና ያለው ሰው በመመለሻው የሚያየው ኦሲዮስ ሉካስ የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገዳም ሲሆን፣ በወርቃማ ሞዛይኮቹ ምክንያት በ1990 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከዴልፊ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ገዳሙ እስከ ዛሬ መነኮሳት የሚኖሩበት በመሆኑ ወንዶች በቁምጣ፣ ሴቶችም ትከሻቸውን ገልጠው መግባት የለባቸውም፤ በእኩለ ቀንም ለተወሰነ ሰዓት ሊዘጋ ስለሚችል ከዴልፊ ቁርስ በልቶ በጠዋት መነሣት ይመረጣል።